ክዳኑ ያልተከፈተው ጠርሙስ

ሙዚየሙ ውስጥ ሁሉም «ሲስተር» ይላታል። ሠላሳ አንድ ዓመት በነርስነት አገልግላ ጡረታ ስትወጣ ቤት መዋል አልሆነላትምና በድሮ የሕክምና ዕቃዎች ክፍል ተቀጠረች። ሥራዋ የገባውን ዕቃ መመዝገብ፣ ማጽዳትና ቦታ ማስያዝ ነበር። እሷ ግን ከራሷ አንድ ጨመረችበት፤ መጠርጠር። ክዳኑ የተጣበቀ ጠርሙስ ወይም ሽታው ያላማራት ሣጥን ከገባ እስክታጣራ ድረስ እህል አይወርድላትም። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «መርማሪዋ» ይሏታል። እህቷማ «እኔ የቀዳሁልሽን ውሃ እንኳ አሽትተሽ ነው የምትጠጪው!» እያለች ትስቅባታለች።

አንድ ጠዋት የአንድ ሟች ሐኪም ልጅ የአባቷን የእንጨት ሣጥን በስጦታ ይዛ መጣች። ኃላፊው ደስታውን አልቻለውም፤ ዐውደ ርዕዩ ሊከፈት አራት ቀን ነው የቀረው። ሲስተር ግን ዓይኗን ከሴትዮዋ እጅ ላይ አላነሳችም። ሴትዮዋ ሣጥኑን ያስቀመጠችው የተኛ ሕፃን እንደምታወርድ እናት፣ ትንፋሿን ይዛ ነበር።

«ልጄ፣ አባትሽ ስለ ዕቃዎቹ የነገሩሽ ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም!» አለች ሴትዮዋ፤ ፈርማ ውልቅ።

ሲስተር ጓንቷን አጥልቃ ሣጥኑን ከፈተች። መጀመሪያ ያወጣችው የደም ግፊት መለኪያ ነበር። ብርጭቆው ተሰንጥቆ ሜርኩሪው እንደ ብር ዶቃ ጨርቁ ላይ ይንከባለላል። መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ጠብታዎቹን ለቃቅማ ክዳን ባለው ብልቃጥ ዘጋችባቸው። ከዚያ ከሣጥኑ ጥግ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አየች። ወረቀቷ ተበልቶ «ለቃጠሎ» የሚለው ብቻ ቀርቷል። ውስጧ ደረቅ ቢጫ ዱቄት አለ፤ ክዳኗ ዙሪያም ቢጫ ቅርፊት ጋግሮበታል።

እጇ ባለበት ቀረ። ተማሪ ሳለች የዋርዷ አለቃ እንዲህ ያለች ቢጫ ጠርሙስ ላይ በየወሩ ውሃ ይጨምሩ ነበር። «ይህ ፒክሪክ አሲድ ነው፤ ከደረቀ ትንሽ ቢፋቅ ፈንድቶ ቤቱን ይዞት ይሄዳል» ይሏቸው ነበር።

በዚህ መሃል ኃላፊው ፎቶ ሊያነሳ ገባ። «ይቺ ቢጫዋ ታምራለች! ክዳኗን ላጽዳውና…»

«እጅህን አንሳ!»

ጩኸቷ ኮሪደሩን አናወጠው። ኃላፊው ፊቱ ቀላ። «ሲስተር፣ ለአንድ የመድኃኒት ዱቄት ነው እንዲህ የሚጮኹብኝ? ወይስ ዐውደ ርዕዩን ከመጀመሪያውም አልወደዱትም?»

እውነቱን ነው፤ ዕቃው ሳይጣራ በጥድፊያ የሚከፈት ዐውደ ርዕይ አልወደደችውም ነበር። «አልወደድኩትም። አሁን ግን ውጣ» ብላ እየገፋች አስወጣችው፣ በሩን ቆለፈች፣ ቁልፉን ኪሷ ከተተች። መጀመሪያ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ኬሚስት ዘንድ፣ ቀጥላ የሐኪሙ ልጅ ዘንድ ደወለች።

«ስለ ቢጫዋ ጠርሙስ የምታውቂውን ንገሪኝ።»

«አባዬ ሊሞት ሲል ‹ቢጫዋን ማንም እንዳይነካት› ብሎኝ ነበር። ከነገርኳችሁ አትቀበሉኝም ብዬ ፈራሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጆቼ ከሚተኙበት ክፍል ነበረች» አለችና ማልቀስ ጀመረች። ሲስተር አላባበለቻትም። እንባውንም ጠረጠረችው።

ኬሚስቱ መጥቶ በመስኮቱ በኩል በባትሪ አየና ወደ ኋላ ተመለሰ። «ሕንፃው ባዶ ይሁን» አለ። ፈንጂ አምካኞች ጠርሙሷን አሸዋ በሞላው ሣጥን ይዘዋት ከከተማ ውጭ ወዳለ የድንጋይ ካባ ሄዱ። ኃላፊው ልቡ አላምን ብሎት ሲስተርን አስከትሎ ከሩቅ ቆመ። አምካኞቹ ጠርሙሷን ሲያፈነዷት ከእግራቸው በታች መሬቱ ተርገፈገፈ።

ኃላፊው መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «በጥፍሬ ልፍቀው ነበር እኮ» አለ።

ዐውደ ርዕዩ ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ተከፈተ። የሐኪሙ ልጅም አንገቷን ደፍታ መጣች። ሲስተር ሰላምታዋን በስሱ ተቀበለችና ጥግ ወስዳ ጠየቀቻት፤ «የአባትሽ ዕቃ ይኸው ብቻ ነው?»

ሴትዮዋ ፈገግ ልትል ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ጋራዥ ውስጥ አንድ የተቆለፈ ቁም ሣጥን አለ።»

ሲስተር ጓንቷንና ቦርሳዋን አነሳች። «ቅደሚ» አለቻት።