ሳትለካ አትንካ

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ባለችኝ ጠባብ ሱቅ ቴፕና አምፕሊፋየር ስጠግን ዕድሜዬ ሄዷል። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተቃጠለ ዕቃ እየፈታሁ ነው የተማርኩት። ለልጆቼም ለደንበኞቼም የምሰጠው ምክር አንድ ነው፦ ሳትለካ አትንካ። ግድግዳው ላይም ጽፌዋለሁ።

ትልቋ ልጄ በቤተ ክርስቲያን ከመዘምራኑ ጋር ጊታር ትጫወታለች። አምና የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ለእሷ ሰጧት። ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስትሄድ ሳይ ደስ ይለኝ ነበር፤ ነግሬያት ግን አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የመዘምራኑን አምፕሊፋየር ይዛ መጣች። ስፒከሩ ተቀዷል።

«አባዬ፣ ለነገ ይደርስልኛል? አደራው እኔ ላይ ነው።»

ስምንት ስምንት ኦም የሆኑ ሁለት ደህና ስፒከሮች ነበሩኝ። ሳጥን ሠራሁላቸው። ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው እምቢታ ነው፤ እምቢታው ሲያንስ አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ይገፋና ይግላል። የዚህኛው ጀርባ ላይ ከስምንት በታች እንዳይቀጠል ተጽፏል። ሁለቱን ስፒከሮች አንዱን ከሌላው አስከትሎ የቀጠለ አሥራ ስድስት ያገኛል፤ ጎን ለጎን የቀጠለ አራት። እኔ በታክሲ ውስጥ ለዓመታት የቀጠልኩት ጎን ለጎን ነው፤ ሾፌር የሚፈልገው ጩኸት ነውና። እጄ የለመደውን አደረገ።

ልጄ ቴስተሩን አነሳች። «ልለካው?»

«እኔ የሠራሁትን?» አልኳት። መልሳ አስቀመጠችው።

ሰኞ ከሰዓት የመዘምራኑ መሪ አምፕሊፋየሩንና ሳጥኑን ይዞ ከእሷ ጋር ሱቄ መጣ። አምፕሊፋየሩ በሦስተኛው መዝሙር ላይ ሸትቶ ዝም ብሏል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ድምፁን ከልክ በላይ ከፍታው ነው» አለ። ወደ እሷም ዞሮ «ቁልፉ ለጊዜው ሌላ ሰው ጋ ይቀመጥ» አላት።

ቴስተሩን ሳጥኑ ላይ አሳረፍኩ። ሦስት ከምናምን አነበበ። ቴስተር ከተጻፈው ትንሽ ዝቅ አድርጎ ያነባልና አራት ማለት ነው። ልጄ ቁጥሩን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ቁልፉንም ከአንገቷ አወጣች።

እውነቱን ለመናገር ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ እስኪያርፍ ድረስ ዝም ብያለሁ። ሲያርፍ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «የቀጠልኩት ከሚችለው በታች ነው። ልለካ ብላኝ ከልክያታለሁ።»

መሪው ግድግዳዬን ቀና ብሎ አነበበ። «ጋሼ፣ ይሄ ለደንበኛ ብቻ ነው እንዴ?»

ልጄ ሳቋ አመለጣት። ለሰጪው የማይሠራ ምክር የግድግዳ ጌጥ ነው።

የተቃጠለውን ትራንዚስተር ቀየርኩ፤ ስፒከሮቹንም አንዱን ከሌላው አስከትዬ ቀጠልኩ። ድምፁ ትንሽ ይቀንሳል፤ አምፕሊፋየሩ ግን አይግልም። መሪው ቁልፉን ከጠረጴዛው አንስቶ በሁለት እጁ መለሰላት።

አሁን እሷ ባለችበት ሥራ ስጨርስ፣ ሳትጠይቀኝ ቴስተሩን ወደ እሷ እገፋዋለሁ።

«አንተ የሠራኸውን?» ትለኛለች፤ እየለካች።