ባለቤቴ ልብስ ሲረግጥ

ደባርቅ ከተማ ተወልጄ ስላደግሁ፣ ልብስ የሚታጠበው በሳፋ፣ የምታጥበውም ሴት ናት ብዬ ነበር የማምነው። ከቡይት ራስ በታች ወዳለው የባለቤቴ ቀዬ በተዳርሁ ሰሞን፣ እሱ እርሻ ውሎ ሳይመለስ ሸሚዙንና ኩታውን ከእናቴ ቤት ባመጣሁት ሳሙና አጥቤ አጥሩ ላይ አሰጣሁለት። ደስ ይለዋል ብዬ ነው። ሲመጣ ልብሱን አየ፤ ከዚያ በመንገዱ የሚያልፈውን ሰው አየ።

«እግሬን ምን ነካው ብለሽ ነው?» አለኝ።

ነገሩ አልገባኝም። ለካ በዚያ ቀዬ ልብስ ማጠብ የወንድ ሥራ ኖሯል። ወንዱ ወንዝ ወርዶ፣ ልብሱን በእንዶድ ነክሮ፣ በእግሩ እየረገጠ ያጥባል። ሚስቱ ካጠበችለት ወይ ታሟል ወይ ሰንፏል ማለት ነው። ጎረቤቶቹ «ጉልበትህ እንዴት አደረ?» እያሉ ሰላምታ ይሰጡት ጀመር። እሱ ይስቃል፤ እኔ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

ቀጥሎ በመጣው በዓል ዋዜማ እኔንም ይዞኝ ወረደ። እንዶዱ ጓሯችን ካለው ቁጥቋጦ የተለቀመ ፍሬ ነው፤ ደርቆ ይወቀጣል። ሲወቀጥ ብናኙ አፍንጫ ስለሚሰረስር ሳያስነጥሱ መውቀጥ የለም። እኔ ሳስነጥስ «ይማርሽ» ይለኛል፣ እሱ ሲያስነጥስ «ይማርህ» እለዋለሁ፤ መጨዋወት የጀመርነው በዚሁ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ከብት ከሚጠጣበት በታች ወርዶ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ልብሱን ይረግጣል። የእኔ ድርሻ የእንዶዱን ውሃ እያፈሰሱ መስማት ነበር።

መስማት ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለቤቴ ቤት ውስጥ ዝምተኛ ነው፤ ማዕድ ላይ ጨው አቀብይኝ ካለ ብዙ ተናገረ። ሲረግጥ ግን አፉ ይፈታል። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ደባርቅ ገበያ ላይ እየተከተለኝ ሳያናግረኝ መመለሱን የነገረኝ እዚያ ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ገና ድክ ድክ ሲል በኩፍኝ ከሞተብን በኋላም፣ ባለቤቴ ቤት ውስጥ ስሙን አንስቶት አያውቅም። ወንዝ ስንወርድ ግን ስሙን ይጠራል፤ አሳሳቁን፣ እንጀራ ሲሰርቅ የሚደበቅበትን ጥግ ሳይቀር ያወራልኛል። እኔ አለቅሳለሁ፣ እሱ ይረግጣል። ስንመለስ ሁለታችንም ቀሎን ነው።

ከዓመታት በኋላ ጉልበቱን ቁርጥማት ያዘው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንዳይቆም አስጠነቀቀችው። በዚያው ሰሞን የዱቄት ሳሙና ከዳባት ገበያ በትንንሽ ፓኬት እየመጣ የሰፈራችንን ሱቅ ሞላው፤ ጎረምሶቹም ልብስ መርገጥን ነውር አደረጉት። ሳፋዬን አወጣሁ። የሳቀብን ሰው አልነበረም። እውነቱን ለመናገር እሰይ ነው ያልሁት፤ ጭንቀቴ ጉልበቱ እንዲያርፍለት ነበር። ከጉልበቱ ጋር ወሬውም እንደሚያርፍ ማን ነገረኝ?

ዛሬም ቀዬአችን መብራት አልገባም፣ ቧንቧም የለም። በሶላር አምፖል እናመሻለን። ልጆቹ ሥራ ይዘው ጎንደር ስለገቡ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። እሱ በር ላይ ተቀምጦ ያየኛል፣ እኔ አጥባለሁ። የሳሙናው እጣቢ የፈሰሰበት ጎመን ሲጠወልግ «ጎመኑ ደረቀ» ይለኛል፤ የዕለቱ ወሬ እሷው ናት። ያን ወንዝ ዳር እንዲያ በቀላሉ መልቀቃችን ያንገበግበኛል። የበኩር ልጃችንን መልክ የሚያስታውስ ሰው ከእኛ ሌላ በሕይወት የለም፤ እሱ ካላነሳው እኔ ብቻዬን ከማን ጋር አነሳዋለሁ?

ባለፈው ጥምቀት ሲቃረብ አንድ ዘዴ መጣልኝ። እንዶድ ለቀምሁ፤ ሲደርቅ ወቀጥሁት። ከምንጩ በጄሪካን እየተመላለስሁ ውሃ ቀድቼ ለብ አደረግሁ። ጋቢውን ትልቁ ሳፋ ውስጥ ዘርግቼ፣ የእንዶዱን ውሃ አፍስሼበት፣ በርጩማ አስጠጋሁለት።

«እግርህን እዚህ አግባው» አልሁት።

ሽታው ሲደርሰው ፈገግ አለ። ሱሪውን ሰብስቦ እግሩን ጋቢው ላይ አሳረፈ። ከፊቱ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ዓይኑን ጨፈነ፤ ጣቶቹ ሲንቀሳቀሱ አየሁና አሁን ይጀምራል ብዬ ጠጋ አልሁ። ውሃው ሲቀዘቅዝ ዓይኑን ገልጦ እግሩን ከውሃው አወጣ።

«ተባረኪ፣ እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም» አለኝ። «ጋቢውን ከሥር ያነጠፍሽው ሳፋው እንዳይቆረቁረኝ ነው?»

«አዎ» አልሁት።

እግሩን በፎጣ አድርቄ፣ ደግፌ በር ላይ አስቀመጥሁት። ተመልሼ ጋቢውን በእጄ ማሸት ጀመርሁ። ያን ሁሉ ውሃ የተሸከምሁት የልጃችንን ስም አንድ ጊዜ ከአፉ ልሰማ ነበር።