ከአጥሩ ሥር የተቆፈረው

ወርቅውሃ በግራ እጇ ሣሩን ጨብጣ በቀኟ ታጭዳለች። ሣር የአጥሩን የታችኛውን ሽቦ ከነካ ኤሌክትሪኩ መሬት ይገባና ቀበሮ አይፈራውም። ስለዚህ ከኡስተር ከተማ ወጣ ባለው በዚህ ሜዳ ጠርዝ ጠርዙን በጉልበቷ ትሄዳለች፤ እርጥበቱ እንዳይዘልቃት የሩዝ ከረጢት አንጥፋ።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ማግስት ባሏ ታስሮ ሳይፈታ ሞተ። ስዊዘርላንድ ከገባች ወዲህ የጥገኝነት ጥያቄዋ ሁለቴ ውድቅ ሆኖባታል። ዲቤንዶርፍ ባለው የስደተኞች ቤት ግድግዳ ስታይ ኖራ፣ ሥራ ብላ ያገኘችው ይህን አጥር ብቻ ነው።

አጥሩ የሚጠብቀው የሜዳ ጥንቸሎችን ነው። በአካባቢው ጠፍተዋል፤ እዚህ ሲበረክቱ ወደ ማሳው ይለቀቃሉ። ቀበሮ ሳያዩ ስላደጉ መሸሽ አያውቁም። ግልገሎቹማ ጥላ ሲያርፍባቸው ጆሯቸውን ጀርባቸው ላይ አስተኝተው ጭጭ ነው።

ጄኔቭ ያለችው ታናሽ እህቷ ምንትዋብ በደወለች ቁጥር ትስቅባታለች።

«እትዬ፣ የማይበላ እንስሳ እረኛ ሆነሽ ቀረሽ? ቄሱ ሰምተዋል?»

«ዝም በይ አንቺ! እነሱ እኔን አይበሉ፣ እኔ እነሱን አልበላ። ተስማምተናል።»

ዛሬ ጠዋት ግን ማጭዷ የአጥሩ ጥግ ላይ ቆመ። አፈሩ ትኩስ ነው፤ ጉድጓዱ ከሽቦው ሥር ገብቶ ወዲያ ማዶ ወጥቷል። ሽቦው ላይ ቀይ ፀጉር ተንጠልጥሏል። ማዶ፣ አንዲት እናት ጥንቸል አንገቷ ተቆልምሞ ተጋድማለች፤ ጡቷ ወተት አቅርሯል።

ጥጉን ታውቀዋለች። ኃላፊዋ ሬጉላ ፍርፋሪ ቀበሮ ስለሚስብ እንዳይጣል ነግራት ነበር። እሷ ግን እህል ቆሻሻ ውስጥ መጣል ግፍ እየመሰላት፣ ከምሳዋ የተረፈውን እንቁላል የነካ ዳቦ ለወፍ ብላ የምታኖረው እዚሁ ነው።

ሬጉላ መጥታ ጉድጓዱ አጠገብ ተንበረከከች።

«እንድፈነው?» አለች ወርቅውሃ።

«ቀበሮው ውስጥ ከሆነስ? ከጥንቸሎቹ ጋር እንቆልፍበታለን። ክፍት ከተውነው ደግሞ ተመልሶ ይመጣል።»

«ዳቦ ሳስቀምጥ የኖርኩት እኔ ነኝ።»

ሬጉላ አየቻት፤ አልተቆጣችም። ይኼ ባሰባት።

«እኔ ቀበሮውን የሚፈልግልንን የአደን ጠባቂ ላምጣ። እርስዎ ከጎረቤት ገበሬው መጋዘን የሽቦ መረቡን ያምጡ፤ ቀበሮው ውስጥ አለመኖሩን እንዳረጋገጥን እንዘጋዋለን። ይፍጠኑ፣ ወይዘሮ ወርቅውሃ።»

ሬጉላ በመኪናዋ ሄደች። ወርቅውሃ ወደ መጋዘኑ ጥቂት እንደተራመደች ከአጥሩ ውስጥ ጩኸት ተሰማ፤ ልክ እንደ ሕፃን ልቅሶ። ቀበሮው ውስጥ ነው ማለት ነው።

ተመልሳ ሮጠች። በሩ ሩቅ ስለሆነ ሽቦውን በእጇ ወደ ታች ተጭና ስትሻገር ኤሌክትሪኩ እስከ ትከሻዋ ነዘራት። ቀዩን ጅራት ከረጅሙ ሣር መሀል አየችው። «ሂድ! ወግድ!» እያለች ማጭዷን አወዛወዘች፤ ዞር ብሎም አላያት። ልትሮጥበት አንድ እግሯን አነሳች፤ የምታሳርፍበት ግን አጣች። ግልገሎቹ እግሯ ሥር፣ ከፊቷም ከጎኗም፣ ጭጭ ብለው ተኝተዋል።

ጩኸቱ እንደገና ተሰማ፤ ከዚያ ተቋረጠ።

ሬጉላ ከአደን ጠባቂው ጋር ስትመለስ ወርቅውሃ ግልገሎቹን ላለመርገጥ እዚያው እንደቆመች ነበር፤ ጉድጓዱ አልተዘጋም፣ የሽቦ መረቡም ገና ከገበሬው መጋዘን አልመጣም ነበር።