መርከቡ ላይ ያልነበረው አብራሪ

እኔንና ወንድሜን ያሳደጉን የባቡር ሠራተኛው አጎቴ ናቸው። ወንድሜ ኦጋዴን ሲዘምት፣ ከምሳ በኋላ የድሬ ሙቀት ሲበረታ፣ በግቢያችን የኒም ዛፍ ጥላ ሥር አንድ የፈረንሳይኛ ልብ ወለድ እየተረጎሙ ያነቡልኝ ጀመሩ። የጠፈር መርከቦች በከዋክብት መሃል ይዋጋሉ፤ አንድ ወጣት አብራሪ ይጠፋል።

«ጋሼ፣ ይመለሳል?» እላቸዋለሁ።

«ይመለሳል አቦ፤ ይኸው ተጽፏል» ይሉኛል፣ ገጹን በጣታቸው እየነኩ።

እሳቸውን አምኜ ወንድሜን ስጠብቅ ኖርኩ።

ዘንድሮ አጎቴን ከቀበርን በኋላ፣ ትምህርት ቤት በተማርኩት ፈረንሳይኛ መጽሐፉን ራሴ አነበብኩት። የጠፋ አብራሪ የለበትም። ባለቤታቸውን ብጠይቅ፣ «የወንድምሽን መርዶ ያኔውኑ ሰምተው ነበር፤ ሊነግሩሽ አንጀታቸው አልችል ብሏቸው ነው» አሉኝ።

አታለሉኝ። ወንድሜን አልቅሼ እንዳልሸኘው ከለከሉኝ።

አሁን ባዶ ወንበራቸው አጠገብ ሳለቅስ ጎረቤቱ ለአጎቷ ነው ይላል። እኔ የማለቅሰው ለወንድሜ ነው፤ የአጎቴ ተራ ገና አልደረሰም።