ቀለም ላይ ዳዶ አላጠብቅም

በሕይወቴ ካጠፋሁት ጥፋት ሁሉ መንግሥት በጽሑፍ የያዘብኝ አንድ ብቻ ነው፤ ጎማ መፋቅ። የክሱ ወረቀት «የአብዮቱን ቀለም ሆን ብሎ በቢላ በማበላሸት» ይላል። አላስተባብልም። በቢላ ነው የፋቅሁት፣ ሆን ብዬም ነው፤ ዛሬም ቢሰጡኝ እፍቀዋለሁ።

ጊዜው ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። መካነ ሰላም ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ፒካፕ እነዳ ነበር። ክረምቱ ዝናብ ሳይጥል አልፎ ከወገዲም ከከላላም ሰው ቤቱን እየዘጋ ወደ ከተማው ይገባል። መንገድ ዳር የሚተኛው ከቀን ወደ ቀን ይበዛል። ከተማው ግን ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ይቀባ ነበር። አጥሩ ተቀባ፣ የስልክ እንጨቱ ተቀባ፣ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ተቀባ። ቀለም ተረፈና የእኔም ፒካፕ ቸርኬ፣ የጎማው ብረት፣ ቀይ ይሁን ተባለ።

እኔ ያኔ እናቴን ልጠይቅ አቀስታ ሄጄ ነበር። ቀቢዎቹ ለሥራ የማይሰንፉ ሰዎች ናቸው፤ ችግሩም ይኸው ነው። ላይ ላዩን ቀብተው ቢተዉት ምንም አልነበረ። አራቱንም ጎማ ፈትተው ቸርኬውን ከውስጥም ከውጭም፣ ጎማ ማሰሪያው ዳዶ የሚያርፍበትን ቀዳዳ ሳይቀር፣ በወፍራሙ ለቀለቁት። ዳዶዎቹንም ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ነክረው አወጧቸው። አንዱ ሣር ውስጥ ጠፋባቸውና የኋላውን ግራ ጎማ በአምስት አስረው ተዉት። ስመለስ መኪናዬ እንደ ሙሽራ በቅሎ አጊጣ ጠበቀችኝ።

መኪና ለማያውቅ ላስረዳ። ጎማ ጸንቶ የሚቆመው ብረት ከብረት ሲናከስ ነው። መሐል ቀለም ከገባ ዳዶው የጠበቀ ይመስላል። ጭነት ሲያርፍበትና ኮረኮንቹ ሲያንገጫግጨው ግን ቀለሙ ይደቅቃል፤ በደቀቀው ልክ ዳዶው ይላላል። እኔም ቶሎ አልገባኝም። ስነዳት የኋላው ግራ ተንቀጠቀጠ፤ ወርጄ አጠበቅሁት። በማግስቱ ማለዳ እንደገና ላልቶ አገኘሁት። አንዱን ዳዶ ፈትቼ ሳየው ቀዩ ቀለም ተፈርፍሮ መዳፌ ላይ ቀረ።

ደሴ ጋራዥ ውስጥ ሥራ ያስተማሩኝ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። «ዳዶ በጣትህ ካልገባልህ የዚያ ቡሎን አይደለም» ይሉ ነበር። የዳዶ ማጥበቂያው ቁልፍ ላይ ቆሞ የሚረግጥ ሲያዩ ደግሞ «አንተ አውድማ ሂድ፣ እዚህ በሬ አንፈልግም» ብለው ያባርራሉ። ጎማ በብልሃት እንጂ በንዴት እንደማይታሰር ከእሳቸው ተማርሁ። ንዴቱን ግን አልተውሁም።

በዚያው ማለዳ፣ በበዓሉ ዋዜማ፣ የከተማው ካድሬ መጣ። ከእኔ የሚያንስ፣ ከሌላ አገር ተሹሞ የመጣ ወጣት ነው። ከደሴ እንግዶች ስለሚመጡ መንገድ ዳር የተኙት እንዲነሡ ታዞ ነበር። ከሁሉ የባሰባቸውን ስምንት ሰዎች መርጦ፣ ደሴ ሆስፒታል አድርሳቸው አለኝ። ለማን ብሎ እንዳደረገው ባውቅም ትእዛዙን ወደድሁት። ሰዎቹ ከኋላ ተጫኑ። ከስምንቱ አንዱ በእናቱ አንቀልባ የታዘለ ሕፃን ነው።

እኔ የመኪና ማንሻውን ክሪክ አስገብቼ የኋላውን ግራ ጎማ ፈትቼ በቢላ መፋቅ ጀመርሁ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለኝ።

«ጎማ እያሰርሁ ነው፣ ጓድ።»

«ቀዩን እኮ ነው የምትፍቀው።»

«አረንጓዴም ቢሆን እፍቀው ነበር። አንድ ሰዓት ይስጡኝ።»

«አሁኑኑ ትነሣለህ።»

«አልነሣም። ገደሉ አፋፍ ላይ ጎማ ቢወልቅ እነዚህን ስምንት ነፍሶች ማን ይሰበስባቸዋል?»

«ይህ አሻጥር ነው» አለ። በዚያ ዘመን በዚህች ቃል ሰው ከቤቱ ወጥቶ ይቀር ነበር። ፈራሁ፤ አልዋሽም። አፌ ግን አልከዳኝም።

የመኪናውን ቁልፍ ዘረጋሁለት። «እንግዲያው ይኸው፣ እርስዎ ይንዱ።»

መንዳት እንደማይችል አገር ያውቃል። ዙሪያውን ቆመው ከሚያዩት ሰዎች አንዱ ሳቀ፣ ሌላውም ተከተለው። ያሳሰረኝ ቀለሙ ሳይሆን ያ ሳቅ ይመስለኛል። ሁለት ዘበኞች ሲይዙኝ ያቺ የሕፃኑ እናት ከላይ ጎንበስ ብላ «ወንድምዓለም፣ መቅረታችን ነው?» አለችኝ።

«አብሽሪ፣ ዛሬ ትሄዳላችሁ» አልኋት። ምን አውቄ እንዳልሁ እንጃ።

ያንን ፒካፕ የሚነዳ ሌላ ሰው አልነበረም። ስምንቱን አውርደው፣ እንግዶቹ እንዳያዩአቸው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አስቀመጧቸው። እኔን የእህል መጋዘን በነበረ ክፍል አስገብተው ዘጉብኝ። አይጥ እንኳ ትቶት የሄደ መጋዘን ነው። ሦስት ቀን ተቀመጥሁበት። የበዓሉን ጭብጨባ በግድግዳው ሰማሁ።

ሦስቱን ቀን ከራሴ ጋር ስሟገት ነበር። እየቆምሁ፣ በየጥቂቱ እያጠበቅሁ ብነዳስ ኖሮ? ቀስ ብዬ ብሄድስ? በአምስት ዳዶ የታሰረች፣ ሰው የጫነች መኪና ይዤ በደሴ መንገድ ላይ ያለውን የጉጉፍቱን ቁልቁለት በሐሳቤ አሥር ጊዜ ወረድሁት፤ አሥር ጊዜም ጎማው ቀድሞኝ ሄደ። አንድ ሰዓት ነበር የለመንሁት። አንድ ሰዓት ከልክሎ ሦስት ቀን የወሰደብን ማን ሆነና እኔ እጸጸታለሁ? እንዲህ እያልሁ እናደዳለሁ፤ ንዴቱ ሲበርድ ያቺ ሴት ትመጣብኛለች።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ በሩ ተከፈተና ካድሬው ራሱ ገባ። ፊቱ ላይ የበዓሉ ነገር የለም።

«ደሴ ተጠርቻለሁ። ተነሥና ጎማውን እሰር» አለኝ።

«ቀለሙስ?»

«እንደምታውቀው አድርገው።»

«እንደማውቀውማ አድርጌ ነው የታሰርሁት። ቃሉን ተናገረው፣ ዘበኛው ይስማ።»

እርስዎ ማለቴን ያን ቀን ተውሁ። ዘበኛው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። «ፋቀው» አለ ካድሬው፣ በጥርሱ መሐል።

«የመኪናው ኋላም ባዶ አይሄድም። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያሉትን አምጣቸው።»

«ለስብሰባ ነው የምሄደው፣ እንዘገያለን።»

«እንግዲያው በእግርህ ሂድ። አምስት ቀን ነው፣ ስንቅ ያዝ።»

ሰዓቱን አየ። ከዚያ ዘበኛውን ሰዎቹን እንዲጠራ ላከው።

አራቱንም ፈታሁ። ሃያ አራቱን ቀዳዳና ቸርኬው ጎማ ከሚሸከመው ብረት፣ ከሞዞው፣ የሚገጥምበትን ፊት ነጩ ብረት እስኪታይ ፋቅሁ፤ ዳዶዎቹንም በጋዝ አጠብሁ። ለጠፋው ዳዶ ምትክ ግቢው ውስጥ ከሞተች አሮጌ መኪና ፈለግሁ። ሦስቱ በጣት አልገባ አሉ፣ አራተኛው ሰተት ብሎ ገባ። ጎማው እንደተንጠለጠለ ሁሉንም በእጄ አስያዝሁ። ከክሪኩ አውርጄ መሬት ካስረገጥሁት በኋላ፣ አንዱን ሳጠብቅ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለውን እያልሁ በዙር ጨረስሁ። ካድሬው እንደ ተማሪ ቆሞ ያየኝ ነበር። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ።

ሰዎቹ ሲወጡ ቆጠርኋቸው፤ ሰባት ናቸው። ያቺ ሴት ማንም ሳይደግፋት ወጥታ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። አንቀልባው ተጣጥፎ ጭኗ ላይ ነው። የኋላውን በር ዘግቼ ሞተሩን አስነሣሁ።

ከከተማው ወጥተን ጥቂት እንደሄድን መኪናውን አቁሜ የጎማውን ቁልፍ ይዤ ወረድሁ። አዲስ የታሰረ ጎማ ጥቂት ሄዶ እንደገና መጠበቅ አለበት።

ካድሬው በመስኮት ወጣ ብሎ «አሁንስ ምን ቀረህ? ፋቅህ፣ አጠበቅህ» አለኝ።

«ይደገማል።»

«ይመሻል እኮ። እነዚህ ከኋላ ያሉት በሽተኞች ናቸው። ለእነሱ እንኳ አታዝንም?»

ሦስት ቀን ሙሉ ያጠራቀምሁት ስድብ ነበረኝ። ስድቡን ትቼ፣ እውነትም አላዝንም ይሆን ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

«ያጥብቅ፣ ጌታዬ» አለች ሴትዮዋ ከላይ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «እኔን የሚያስቸኩለኝ ልጅ ትናንት አርፏል።»

ካድሬው አንገቱን ወደ ውስጥ መለሰ። እኔ ተንበርክኬ ከኋላው ግራ ጀመርሁ። ቁልፉ ሁለቴ አመለጠኝ። ቢሆንም ሃያ አራቱንም አንድ በአንድ ያዝኋቸው፣ አንዱንም አላለፍሁም።