ራስጌው ያልተጻፈበት ድንጋይ

ጠዋት መስኮቴን ስከፍት ከብርሃኑ ቀድሞ የሚገባው ድምፅ ነው። መሮ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ነገር ደረቅ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አይደለም። ከፎቅ ሆነው ሲሰሙት ልክ እንደ ውሃ ጠብታ ነው። ከመስኮቴ በታች፣ በግቢው ጥግ፣ አንድ ወገኑ ክፍት በሆነ የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ የመቃብር ድንጋይ ጠራቢው ሥራ ጀምረዋል ማለት ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ወንድም ጋሼ» ይላቸዋል። በዚህ ስም የመጥራት እውነተኛ መብት የነበረው አንድ ሰው ብቻ እንደ ነበር ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ዳሱ ውስጥ ድንጋዮች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። አንዳቸውም የሰው ስም የለባቸውም። የሁሉም ራስጌ ግን ተጽፎበታል፤ «በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ» የሚሉት ቃላት ቅስት ሠርተው ተቀርጸዋል፤ ከበታቻቸው ድንጋዩ ልሙጥና ባዶ ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ ወንድም ጋሼ እጃቸው ሥራ እንዳይፈታ ራስጌውን አስቀድመው ይጽፋሉ። ደንበኛ ሲመጣ የሚቀረው ስምና ዘመን ነው። ይህን መጀመሪያ ሲነግሩኝ ዳቦዬን እንደ ያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። እነዚያ ድንጋዮች ገና በሕይወት ያሉ፣ ምናልባትም በዚያች ሰዓት ከአለቃቸው ጋር የሚጨቃጨቁ ወይም ጫማ የሚለኩ ሰዎች ድንጋዮች ነበሩ። እኔ ደግሞ በየቀኑ በአጠገባቸው እያለፍኩ ዳቦ እገዛለሁ!

ድሮ ዳሱ ውስጥ ሁለት መሮ ነበር። ወንድም ጋሼ ከድንጋዩ በስተቀኝ ተንበርክከው ራስጌውን ይጽፋሉ፤ ታናሽ ወንድማቸው በስተግራ ተንበርክኮ የሟቹን ስም ይጽፋል። አባታቸው ያስተማሯቸው እንዲህ ነው። ታናሹ መጽሐፍ ወዳድ ነበር። አንድ ቀን ከመንገድ ዳር ሻጭ ሽፋኑ የተገነጠለ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ገዝቶ መጣና፣ ምሳ ሰዓት ላይ እግሩን ዘርግቶ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ሥላሴ የሚለው ቃል መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የት ጋ ነው ያለው?» አለ።

«ሞልቶ!»

«አንድ አሳየኛ።»

«መጀመሪያ ብላ፤ ከዚያ አሳይሃለሁ።»

በሉ፤ ግን አላሳዩትም። ቀኑን ሙሉ ገጽ ሲገልጡ ዋሉ፤ ቃሉ የለም። ታናሹ የሟቹን ስም እየጻፈ በአፍንጫው ያንጎራጉር ነበር፤ እንዲያ ሲያንጎራጉር አሸንፌያለሁ ማለቱ ነው።

ከዚያ ወዲያ ክርክር ከሥራቸው ተለይቶ አያውቅም። ታናሹ ቃሉ ከሐዋርያት በኋላ፣ በሁለተኛው መቶ ዓመት ጸሐፊዎች ዘንድ ብቅ ማለቱን፣ ትምህርቱ ከብዙ ጠብና ጉባኤ በኋላ መልክ መያዙን፣ የግሪክ ፈላስፎች አነጋገር እንደ ገባበት የሚሉ ሊቃውንት መኖራቸውን እያነበበ ያመጣል። ታላቁም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። መነጽር ገዙ፤ መጻሕፍት ተዋሱ። ሦስቱ ስሞች በማቴዎስ ወንጌል መጨረሻ፣ በጥምቀቱ ትእዛዝ ውስጥ እንዳሉ አሳዩት። እሱ ደግሞ በሐዋርያት ሥራ ሰዎች በኢየሱስ ስም ተጠመቁ የተባለበትን ገልጦ አሳያቸው። ሲናደዱ «አርዮስ!» ይሉታል።

«አርዮስኮ ወልድ መጀመሪያ አለው አለ እንጂ ሦስቱን ስሞች አልጠላም። ስትሰድበኝ እንኳ አጣርተህ ስደበኝ» ይላል እሱ።

አንድ ጊዜ ሙግቱ ሲሞቅ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ የአንዲት ሴትዮን ስም ሁለት ቦታ ጻፉት። ባልዬው መጥቶ ድንጋዩን አየ አየና፣ «ኧረ የኔ ሚስት አንድ ነበረች» አለ። ታናሹ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ከዳሱ ወጥቶ ሮጠ።

የወንድም ጋሼ ትልቁ መልስ ይህ ነበር፤ «ስም የሚወጣው ልጁ ከተወለደ በኋላ ነው። ቃሉ ዘግይቶ መጣ ማለት ነገሩ አልነበረም ማለት አይደለም። ሰዎቹ ቀድመው ይጸልዩበት፣ ይጠመቁበት ነበር። ሊቃውንቱ ስሙን በኋላ አወጡለት።»

ታናሹ ይህን የሰማ ቀን መሮውን አስቀምጦ ፀጉሩን አከከ። «እስቲ ላስብበት» አለ። ሌላ ጊዜ እንዲህ ብሎ አያውቅም።

አስቦ ሳይመልስ ጠብ መጣ። ደንበኛ ቆሞ ሳለ፣ ታናሹ በኒቅያ ጉባኤ ስለ መንፈስ ቅዱስ የተጻፈው አንዲት ቁራጭ ሐረግ ብቻ እንደ ሆነች፣ የቀረው ከብዙ ዓመት በኋላ በሌላ ጉባኤ እንደ ተጨመረ ተናገረ። ወንድም ጋሼ «ውሸታም!» አሉት፤ በሰው ፊት፣ እየጮኹ።

ታናሹ ቀስ ብሎ ተነሣ። «ወንድም ጋሼ፣ እኔ ከዚህ ጽሑፍ ሥር መጻፍ እየከበደኝ ነው። የማላምንበትን ነገር እጄ እያጀበው ነው።»

«ከከበደህ ተወዋ!»

ተወው። መሮውን ጠርጎ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ። ሦስቱ ስሞች የማይጠሩበት የአማኞች ጉባኤ ገባ፤ በከተማው ሌላ ጫፍ ወለል አንጣፊ ሆነ። አንዱ ይምጣ ሲል ሌላው ይጥራኝ ሲል ዓመታት ነጎዱ። የወንድም ጋሼ ሚስትም ልጅ ሳይወልዱላቸው አረፉ። ግራ ጆሯቸው ከመዶሻው ብዛት ደነቆረ፤ ሰው ሲያናግራቸው ደህናውን የቀኙን ጆሮ ዘንበል ያደርጋሉ።

ማንበቡን ግን አልተዉም። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ተከራካሪው የሄደበት ሰው መልስ ማጠራቀሙን አላቆመም። አንድ ቀን የኒቅያውን የእምነት ቃል በመጀመሪያው መልኩ አገኙት። መንፈስ ቅዱስን የምትጠራው አንዲት ቁራጭ ሐረግ ናት። ታናሹ ልክ ነበር። መጽሐፉን ይዘው ብድግ አሉና «ስማ!» አሉ። ዳሱ ውስጥ ከድንጋዮቹ በቀር ማንም አልነበረም። ቁጭ አሉ።

«ሄደው ቢነግሩትስ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«ምን ብዬ? በሩን አንኳኩቼ ‹ኒቅያ› ልበለው?»

ሁለታችንም ሳቅን። እሳቸው ቀድመው አቆሙ።

ከዚያ አንድ ቀን አንዲት ወጣት መጣች። ከመድኃኒት ቤት ሥራዋ ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ ነው የመጣችው። እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ።

«እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ለማን ነው ድንጋዩ?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ለአባቴ።»

«ነፍስ ይማር። ስማቸውን ንገሪኝ።»

ስሙን ነገረቻቸው። መዶሻው አየር ላይ እንዳለ ቀረ። ዞረው ግንባሯን አዩት፤ የወንድማቸው ግንባር ነበር።

«መቼ?» አሉ።

«ሳምንት አልፎታል፣ አጎቴ። ለቀብሩ ሰው ልንልክብዎ ብለን… እናቴ አይመጡም ብላ ፈራች።»

መቀመጫውን በእጃቸው ጠርገው ሰጧት። አባቷ ሳያርፍ «ድንጋዬን ወንድም ጋሼ ይሥራልኝ» ማለቱን ነገረቻቸው።

«ራስጌው ላይ ምን ይጻፍ አለ?»

«እኔም ጠይቄዋለሁ። ‹እሱ ያውቃል› አለ፤ ሌላ አልተናገረም። እናቴ ሦስቱ ስሞች እንዳይኖሩ ትፈልጋለች። እኔ ግን አባዬ ለእርስዎ የተወውን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።»

ከዚያ ቦርሳዋን እየነካካች ፈገግ አለች። «ከእርስዎ ጋር ብዙ ያወራ ነበር፣ ያውቃሉ?»

«ከእኔ ጋር?»

«ወለል ሲያነጥፍ። ‹ወንድም ጋሼ፣ አንተ እንዲህ ካልክ እኔ ደግሞ እንዲህ እልሃለሁ› እያለ። ልጅ ሳለሁ ወንድም ጋሼ ከወለሉ ሥር የሚኖር ሰው ይመስለኝ ነበር። አንድ የሚከነክነው ነገርም ነበር፤ ስለ ልጅና ስለ ስም መውጣት የሆነ ነገር። አምና መልሱን አገኘሁት ብሎ ብቻውን ሲስቅ ዋለ።»

ወንድም ጋሼ የቀኝ ጆሯቸውን አስጠጉ። «ምን ነበር መልሱ?»

«ነግሮኝ ነበር። ግን አላስታውስም።»

«ትንሽም?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነበር፣ አጎቴ። ‹እሺ አባዬ› ብዬ አለፍኩት። ትንሽም አላስታውስም።» አለቀሰች። እሳቸው አላለቀሱም፤ እጃቸውን አንሥተው ትከሻዋ ጋ አደረሱትና፣ አቧራ መሆኑን አይተው መለሱት።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ከባድ ነበሩ። ሦስቱን ስሞች ቢጽፉ ወንድማቸውን ጥሎት ከሄደው ጽሑፍ ሥር ለዘላለም ማስተኛት ነው። ባይጽፉ ደግሞ፣ በሙሉ ልባቸው የሚያምኑበትን ነገር ለራሳቸው ወንድም መንፈግ ነው። «እሱ ያውቃል» ያለው ተሸንፎ ይሁን፣ አምኗቸው ይሁን፣ ወይስ የመጨረሻውን ነገር ወርውሮባቸው እየሳቀ መሄዱ ይሁን፣ ማንን ይጠይቃሉ? ዳሱ ውስጥ ያለው ድንጋይ ሁሉ ራስጌው የተጻፈበት ነው። ሄደው ባዶ ድንጋይ መርጠው አመጡ። ለጊዜው ከስሙ ልጀምር ብለው ነበር።

መሮውን ይዘው ተንበረከኩ። የተንበረከኩት ግን በለመዱት በስተቀኝ፣ በራስጌው በኩል ነው። ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነበር፤ እጃቸው ራሱን ችሎ ሄደ። ሲነቁ የቅስቱ የመጀመሪያ ፊደል ተቀርጾ አልቋል፤ ጥልቅ፣ ጥርት ያለ፣ ምን የመሰለ «በ»።

በአጠገባቸው ሱቅ ያለው መስታወት ቆራጭ መጥቶ አየ። «በቃ! እጅህ ፈረደ። ጨርሰው፤ ፈጣሪ ራሱ ነው ያጻፈህ።»

«አይ፣ እጄን አውቀዋለሁ። ልማድ ነው። ልማድ ምስክር አይሆንም።»

ይህን ብለው ድንገት መሮውን አስቀመጡ። ዕድሜ ልካቸውን ሲከራከሩ የኖሩት፣ ሰዎቹ ቀድመው ይጸልዩበት ነበር እያሉ፣ ልማድን ምስክር ጠርተው ነው።

«ይህ ይሆን እንዴ የሱ መልስ?» አሉ ለራሳቸው። ትንሽ አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይደለም። ይህማ ቀኑን ሙሉ አያስቅም።»

መስታወት ቆራጩ ግራ ገባው። «ማን ሳቀ?»

«ተወው። ዛሬ ብጽፈው አሸነፍኩ ማለት ነው። እሱ ደግሞ መመለስ አይችልም። እንዲህ ያለ ማሸነፍ ምን ያደርግልኛል?»

«እንግዲያው ሌላ ድንጋይ ግዛ!»

«ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እኔው አስተካክለዋለሁ።»

ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ፊደል አይፋቅም። አንዲት ፊደል ለማጥፋት የድንጋዩ ፊት በሙሉ በፊደሏ ጥልቀት ልክ መውረድ አለበት፤ አለዚያ ጎድጓዳው ያሳብቃል። ወንድም ጋሼ ፊቱን በሙሉ ማውረድ ያዙ። ከመስኮቴ የማውቀው የጠብታ ድምፅ ጠፋ፤ በምትኩ ድንጋይ በድንጋይ ሲፈተግ የሚሰማ ረጅም ሹክሹክታ መጣ። ከጠዋት እስከ ማታ፣ በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ። ሽፋሽፍታቸው ሳይቀር ነጣ። እኔ ውሃ እያፈሰስኩ ስረዳቸው ፊደሏ በየቀኑ እየሳሳች ሄደች፤ በመጨረሻ ጥላ ብቻ ቀረች፤ ከዚያ እሱም ሄደ።

ያን ጊዜ ተነሥተው ወደ ድንጋዩ ግራ ዞሩ። ከመደርደሪያው የወንድማቸውን መሮ አወረዱ፤ የተቀመጠው እንደ ተጠረገ ነበር። በእሱ ቦታ ተንበርክከው ስሙን ጻፉ። ጉልበታቸው የማያውቀው ቦታ ስለ ሆነ አቀማመጡ አሰቃያቸው። ራስጌውን አልነኩትም።

ልጅቷ ልታይ መጣች። ስሙን በጣቷ ዳሰሰችው። «ከላይስ፣ አጎቴ?»

«እዚያ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። እሱ ሳይመልስልኝ አልጽፍም።»

ምን ማለታቸው እንደ ሆነ የገባት ይመስለኛል፤ ሌላ አልጠየቀችም።

ድንጋዩ የተተከለው ከሰዓት በኋላ ነው። ልጅቷና እናቷ ጸልየው ሄዱ። ወንድም ጋሼ ውሃ ልኩን ድንጋዩ ጫፍ ላይ አስቀምጠው አረፋዋ መሐል ላይ እስክትቆም ጠበቁ፤ ከቆመችም በኋላ አየት አደረጓት። እኔ ባልዲውን ይዤ የመቃብር ቦታው በር ጋ ቆየኋቸው። እንደምሰማቸው ያወቁ አይመስለኝም፤ ደንቆሮ ሰው ድምፁን አይመጥንም።

«ስለ ኒቅያ ልክ ነበርክ» አሉ። «አንዲት ሐረግ ናት። አይቼዋለሁ።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ግን ስም የሚወጣው ልጁ ከተወለደ በኋላ ነው።»

ይህን ብለው ቆሙ። ከሳር ላይ ነፋስ አለፈ፤ ከአጥሩ ውጭ አንድ መኪና ጥሩንባ ነፋ። ወንድም ጋሼ አንድ እጃቸውን ባዶው ራስጌ ላይ አሳረፉና፣ ሰው ሲያናግራቸው እንደሚያደርጉት፣ ደህናውን ጆሯቸውን ወደ ድንጋዩ ዘንበል አደረጉ።