የልምምድ ወረቀቴ

ልጄ በሰኔ ሞተች፤ እንደ አገራችን ልማድ ራሴን ተላጨሁ።

በጣሊያን ጊዜ ነው። ከአስመራ በፖስታ ቁስል ማከም የሚያስተምሩኝ መምህር፣ «ሐኪም ቤት ተለማምደህ ካላስፈረምህ ቀጣዩን ትምህርት አልልክም» አሉኝ። የሚፈረምበትን የልምምድ ወረቀቴን ይዤ ደብረ ታቦር ወደ ጣሊያኖቹ ሐኪም ቤት ሄድሁ። አስተርጓሚው የአገራችን፣ የአንበሳሜ ሰው ነው፤ ካኪ ሲለብስ ግን የአገሩን ሐዘን ረስቶታል።

«ቆረቆር ነው፤ ቁጭ በል!» አለኝ።

«ጌታው፣ ልጄ ሞታብኝ ነው የተላጨሁት። የመጣሁትም ለልምምድ ነው።»

«ቆረቆራም ሁሉ ሐዘንተኛ ነኝ ይላል!»

ለጣሊያኑም ያንኑ ነገረው። ሐኪም ተብዬው ፊቴን እንኳ ሳያይ ራሴን በሐምራዊ መድኃኒት ለቀለቀው። አስተርጓሚው ወረቀቴን ሳያነብ ጽፎ ፈረመበት። ውጭ ወጥቼ ሳየው «ታክሞ ድኗል» ይላል።

ከሥሩ «አልዳንሁም» ብዬ ጽፌ ለመምህሬ ላክሁት።